«እናንተው ናችሁ የሸጣችሁን» ለሚል ባልደረባ ምን ይመለሳል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ሥራ ቦታ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ባልደረባዬ በጨዋታ መሃል ‹እናንተው አፍሪካውያን ናችሁ እኮ ለነጭ የሸጣችሁን› አለኝ። እኔም ‹እኛ ኢትዮጵያውያን የለንበትም፤ የሸጡት የምዕራብ አፍሪካ ነገሥታት ናቸው› ብዬ መለስኩለት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታው ቀዘቀዘብኝ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጄ ደግሞ ስለ አትላንቲክ የባሪያ ንግድ ጽሑፍ እንዲያቀርብ ታዟል፤ ‹ከ160 ዓመት በፊት ያለቀ ነገር ለምን ዛሬም ይወራል?› ሲለኝ የምለው አጣሁ። እውነቱ ምንድን ነው? ካሳ የሚባለውስ መሠረት አለው?»

ምላሽ፦

ኢትዮጵያውያን በአትላንቲኩ ንግድ አልነበሩበትም ማለትዎ ትክክል ነው። «የሸጡት የምዕራብ አፍሪካ ነገሥታት ናቸው» ብለው ነገሩን መዝጋትዎ ግን ገዢውን፣ ጫኙን፣ አበዳሪውንና ሕግ አውጪውን ሁሉ አስወጥቶ ሻጩን ብቻ ያስቀራል። ባልደረባዎም ያደረገው ይህንኑ ነው። ሁለታችሁም ከረጅም የሒሳብ መዝገብ አንዲት መስመር አንብባችሁ ተቀያየማችሁ።

መጀመሪያ መጠኑን እንያዝ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከ1501 እስከ 1866 ድረስ 12.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ከአፍሪካ ዳርቻ በመርከብ ተጭኗል። በሕይወት ተሻግሮ የወረደው 10.7 ሚሊዮን ያህል ነው። ልዩነቱ፣ ወደ 1.8 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው፣ ባሕር ላይ የቀረ ነው። በፍንገላው ጊዜ የተገደለው፣ ወደ ወደብ ሲነዳ መንገድ ላይ የወደቀው፣ በወደቡ እስር ቤት የሞተው እዚህ ውስጥ አልተቆጠረም። ቁጥሩ ሊታወቅ የቻለው ነገሩ ንግድ ስለነበረ ነው፤ መርከቡ ሲነሣ ይመዘገባል፣ ቀረጥ ይከፍላል፣ ኢንሹራንስ ይገባል፣ ሲደርስም የተራገፈው ይቆጠራል። እስካሁን ወደ 36 ሺህ የሚጠጋ ጉዞ ከየመዝገቡ ተለቅሟል።

ብዙ ተማሪ የተጋዘው ሰው በሙሉ ወደ ዩናይትድ ስቴትስ የመጣ ይመስለዋል፤ ልጅዎም ከዚሁ ስሕተት እንዳይነሣ። ወደ ግማሽ የሚጠጋው፣ 4.9 ሚሊዮን ያህል ሰው፣ የወረደው ብራዚል ነው። ከዚያ ጃማይካ፣ ባርቤዶስ፣ ሄይቲ፣ ኩባና ሌሎቹ የካሪቢያን ደሴቶች ይከተላሉ። ዛሬ ዩናይትድ ስቴትስ በሚባለው ምድር በቀጥታ ከአፍሪካ የወረደው 390 ሺህ ያህል ብቻ ነው፤ ከመቶ አራት እንኳ አይሞላም። ሆኖም በ1860 የሕዝብ ቆጠራ እዚህ አገር በባርነት የተያዘው ሰው ወደ አራት ሚሊዮን ይጠጋ ነበር።

እንዴት በዛ? ብራዚልና ካሪቢያን የሸንኮራ አገዳ አገር ነበሩ። አገዳ ከታጨደ ሳይውል ሳያድር መጨመቅ አለበት፤ በመከር ወቅት መጭመቂያው ሌሊትም አይቆምም፣ ጭማቂው የሚፈላበት ቤት ደግሞ እሳት ነው። ከሚወለደው የሚሞተው ይበልጥ ነበር። ለባለእርሻውም ሕፃን ቀልቦ ከማሳደግ ይልቅ የደረሰ ጎልማሳ ከመርከብ መግዛት ይረክሰዋል። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ግን ሥራው ትምባሆ፣ በኋላም ጥጥ ስለነበር ሰው ኖሮ ይወልድ ነበር፤ የተወለደውን ደግሞ ሕጉ በባርነት ይይዘዋል። ቨርጂኒያ በ1662 ባወጣችው ሕግ ልጅ የእናቱን ዕጣ ይወርሳል ተባለ። በእንግሊዝ ልማድ ልጅ የሚከተለው አባቱን ነው፤ ልማዱ ተገልብጦ ጌታው ከባሪያው የወለደው ልጅ ራሱ የጌታው ንብረት ሆነ። በአንድ አንቀጽ የሴቲቱ ማህፀን የባለእርሻው ገቢ ምንጭ ሆነ ማለት ነው። ልጅዎ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ቢይዝ ይህን ሕግ ቢይዝልኝ እመርጣለሁ፤ በቨርጂኒያ ባርነትን ከእናት ወደ ልጅ የሚወረስ ያደረገው እሱ ነውና።

ወደ ባልደረባዎ ክስ ልምጣ። አዎ፣ አፍሪካውያን ነገሥታትና ነጋዴዎች ሸጠዋል። አውሮፓውያን ወደ መሃል አገር ዘልቀው መፈንገል አልሆነላቸውም፤ ወባና ቢጫ ወባ ይፈጃቸዋል፣ የባሕር ዳር መንግሥታትም ጦር ነበራቸው። በዛሬዋ ጋና እንዳለው እንደ ኤልሚና ያሉ ትልልቅ ምሽጎች የቆሙበትን መሬት እንኳ ለባላገሩ ሹም እየከፈሉ ነበር የሚቀመጡበት። ስለዚህ ገዙ፤ ዋጋውንም በሕንድ ጨርቅ፣ ከማልዲቭ ደሴቶች በመጣ ዛጎል፣ በብረት፣ በአረቄ፣ በጠመንጃና በባሩድ ከፈሉ። የሚሸጠው ሰው የጦር ምርኮኛ፣ በዕዳ የተያዘ፣ ጥፋተኛ ተብሎ የተፈረደበት፣ አለዚያም መንገድ ላይ የታፈነ ነው። ሻጩ ደግሞ «ወንድሜን ሸጥኩ» ብሎ አያስብም። በዛሬዋ ቤኒን ለነበረው ለዳሆሜ መንግሥት ወታደር የጎረቤቱ የዮሩባ ሕዝብ ገበሬ ባዕድ ነው፣ ብዙ ጊዜም ጠላት ነው፤ በዚያ ዘመን «አፍሪካዊ ነን» ብሎ የሚተባበር ሕዝብ አልነበረም። የእኛም አገር ፈንጋይ ሲያስብ የኖረው እንዲሁ ነው።

የኮንጎው ንጉሥ ቀዳማዊ አፎንሶ ለዚህ ዘመን ጥሩ ምስክር ነው። ክርስቲያን ነበር፤ ልጁ ሄንሪኬ ጳጳስ እስከመሆን ደርሷል። በ1526 ለፖርቱጋሉ ንጉሥ ለሦስተኛው ጆአዎ በላከው ደብዳቤ፣ ነጋዴዎቻችሁ የአገሬን ልጆች፣ የመኳንንቱንና የዘመዶቼን ልጆች ሳይቀር እያፈኑ ይወስዳሉ፤ ከእናንተ የምንሻው ካህናትና የትምህርት ቤት መምህራን፣ ለቅዱስ ቁርባንም ወይንና ዱቄት ብቻ ነው ብሎ አቤት አለ። (ከ1520 እስከ 1526 ድረስ የዚያው የፖርቱጋል መልእክተኞች በዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ተቀምጠው ነበር፤ የእኛም ንጉሥ የእጅ ባለሙያና የጦር መሣሪያ ይጠይቃቸው ነበር። የአንድ መንግሥት ሰዎች በሁለት ክርስቲያን ነገሥታት ደጅ ያሳዩት ፊት ለየቅል ነው።) አፎንሶ ግን ንግዱን ጨርሶ አልዘጋም። ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ የሚሸጠው ሰው በሕግ የተያዘ መሆኑን የሚመረምሩ ሦስት ሹማምንት አቆመ፤ እሱ ራሱም ምርኮኛ ይሸጥ ነበር። ምርመራው ብዙ አልያዘም። ንግዱ እስኪያበቃ ድረስ ከዚያ አካባቢና ከደቡቡ ከአንጎላ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰው ተጭኗል፤ ከየትኛውም የአፍሪካ ዳርቻ ይህን ያህል አልሄደም።

ሻጭ መሆን ከመሸጥ የሚያድን አልነበረም። ንግዱ በአመዛኙ በዱቤ ነው የሚሄደው፤ የመርከቡ አዛዥ ዕቃውን አስቀድሞ ይሰጣል፣ በአንዳንድ ወደብም የነጋዴውን ልጅ ወይም ዘመድ መያዣ ያደርጋል፣ ቃል የተገባው ሰው በቀኑ ካልደረሰ መያዣው ይጫናል። በ1767 ዛሬ ናይጄሪያ ውስጥ ባለው በኦልድ ካላባር የእንግሊዝ መርከብ አዛዦች ከአንደኛው ሰፈር ነጋዴዎች ጋር ተመሳጥረው የተቀናቃኙን ሰፈር ሰዎች ለእርቅ ብለው ጠርተው ፈጇቸው። ከተያዙት መካከል ራሳቸው ከባሪያ ነጋዴ ቤት የሆኑ ሁለት ወጣቶች ዶሚኒካ ደሴት ላይ ተሸጡ። ቨርጂኒያና እንግሊዝ ተንከራተው፣ ፍርድ ቤት ተሟግተው፣ አገራቸው የገቡት በ1774 ነው። ጠመንጃም እንዲሁ ሰውን ያስገድድ ነበር፤ ጎረቤትህ ምርኮኛ ሽጦ ከታጠቀ ወይ ሽጠህ ትታጠቃለህ ወይ ትሸጣለህ። ይህ የነገሥታቱን ጥፋት አይሰርዘውም። «ገበያው የነሱ ነበር» የሚለውን ግን ያፈርሰዋል።

ገዢው ወገን የተጫነውን ሰው እንዴት ያየው እንደነበር ለማወቅ የዞንግን ጉዳይ ማየት ይበቃል። ዞንግ ባለቤቶቿ የሊቨርፑል ነጋዴዎች የሆኑ መርከብ ናት። በ1781 ወደ ጃማይካ ስትሄድ መንገድ ስታ፣ ውኃ አነሰኝ በሚል ሰበብ 130 ያህል ሰው በሕይወቱ ባሕር ውስጥ ጣለች። ባለቤቶቹ ለእያንዳንዱ 30 ፓውንድ ከኢንሹራንስ ጠየቁ፤ ታምሞ ለሞተ አይከፈልም፣ ሌላውን ጭነት ለማዳን ሲባል ለተጣለ ግን ይከፈላልና። በመጀመሪያው ችሎት ረቱ። በ1783 ዳኛ ማንስፊልድ ዘንድ ሲቀርብ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ታዘዘ። ክርክሩ ከጥግ እስከ ጥግ የንብረት ክርክር ነበር፤ በነፍስ ግድያ አንድም ሰው አልተከሰሰም።

አሁን ወደ እኛ። ከኢትዮጵያ ደጋ ወደ አትላንቲክ የሚያወጣ የባሪያ መንገድ አልነበረም፤ የአትላንቲክ መርከቦች በምሥራቅ አፍሪካ በኩል በዋናነት የጫኑት ከሞዛምቢክና ከማዳጋስካር ነው። የእኛ ንግድ ወደ ሌላ ባሕር ይሄዳል። ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ የተፈነገለው ሰው በጅማ ሂርማታ፣ በጎጃም የጁቤ፣ በመተማ ገበያዎች አልፎ በምጽዋና በታጁራ ወደ አረብ አገር ይሻገር ነበር፤ ያልተሻገረውም በየመኳንንቱ ቤት እንጨት ሰባሪና ውኃ ቀጂ ሆኖ ይቀራል። በ1923 ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ልሁን ስትል ከተነሡባት ተቃውሞዎች ዋነኛው ይኸው ነበር። በ1924 ባሮችን ቀስ በቀስ ነፃ የሚያወጣ ደንብ ወጣ፤ ባርነትን ጨርሶ የሻረው አዋጅ የወጣው ግን በ1942 ነው፣ አሜሪካ ከሻረች ከ77 ዓመት በኋላ። «የለንበትም» የሚለው ቃልዎ ስለ አትላንቲኩ ይሠራል፤ ስለ ባርነት ግን አይሠራም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንዱ፣ «የእኛው ቀለል ያለ ነበር» የሚለው ማጽናኛ ነው። በልጅነቱ ከኢትዮጵያ ተሸጦ በሕንድ ዴካን ጦር መሪና የመንግሥት አድራጊ ፈጣሪ ሆኖ በ1626 የሞተው ማሊክ አምባር ሁሌ ይጠቀሳል። እውነት ነው፤ የቨርጂኒያው ዓይነት ቀለምን ከባርነት ጋር ለዘለዓለም ያሰረ ሕግ በዚያ ወገን አልነበረም። ነገር ግን ከአንድ አምባር ጀርባ ስማቸው ያልቀረ ገረዶች፣ ዕቁባቶችና ስልቦች አሉ። ሁለተኛው፣ «አረቦችም እኮ ሸጠዋል» የሚለው መልስ ነው። ሸጠዋል፤ በሰሐራና በቀይ ባሕር የሄደው ንግድ ከሺህ ዓመት በላይ የቆየ ነው። ባልደረባዎ የጠየቀው ግን ስለ ራሱ አያቶች ነው፤ በሌላ ሰው ግፍ የሱን ማጣጣት መልስ አይሆንም።

«ከ160 ዓመት በፊት አለቀ» የሚለው ሐሳብ የሚፈርሰው ደግሞ ነገሩ እንዴት እንዳለቀ ሲታይ ነው። ካሳ ተከፍሏል፤ የተከፈለው ግን ለባለቤቶቹ ነው። ብሪታንያ በ1833 ባወጣችው ሕግ ለባሪያ ጌቶች 20 ሚሊዮን ፓውንድ መደበች፤ የዚያን ጊዜው የመንግሥት ዓመታዊ ወጪ 40 ከመቶ ያህል ነው። ለዚሁ የተወሰደው ብድር ተከፍሎ ያለቀው በ2015 ነው፣ ማለትም ከካሪቢያን ወደ ለንደን የተሰደደው የባሮቹ የልጅ ልጅ ልጅም በግብሩ አግዟል። ነፃ ወጣ የተባለው ሰው ግን ምንም አልተሰጠውም፤ እንዲያውም እስከ 1838 ለዚያው ጌታ አብዛኛውን የሳምንቱን ሰዓት ያለ ደመወዝ እንዲሠራ ተገደደ። ሄይቲ ይባስ። ባሮቿ ተነሥተው፣ የናፖሊዮንን ጦር ድል አድርገው በ1804 ነፃ ወጡ፤ በ1825 ፈረንሳይ የጦር መርከቦቿን ወደብ ላይ አሰልፋ፣ የቀድሞ ባለእርሻዎችን ለመካስ 150 ሚሊዮን ፍራንክ ክፈሉ አለቻቸው። በኋላ ወደ 90 ሚሊዮን ዝቅ ቢልም፣ ይህን ለመክፈል የተገባው ዕዳ ጭራው የተቆረጠው በ1947 ነው። ከደጅዎ ማዶ ዋሽንግተንም ኤፕሪል 16 ቀን 1862 ባሮቿን ነፃ ስታወጣ ለጌታው በነፍስ ወከፍ እስከ 300 ዶላር ከፈለች። ነፃ ለወጣው ሰውም እስከ 100 ዶላር መድባ ነበር፤ ወደ ሄይቲ ወይም ላይቤሪያ አገር ለቆ የሚሄድ ከሆነ ብቻ።

አሌክሳንድሪያ መኖርዎ ለልጅዎ ትልቅ ዕድል ነው። ዱክ ስትሪት 1315 ላይ ዛሬ ሙዚየም የሆነ የጡብ ቤት አለ። ከ1828 እስከ 1836 ፍራንክሊንና አርምፊልድ የተባለው ኩባንያ ቤት ነበር፤ በጊዜው በአገር ውስጥ የባሪያ ንግድ የሚተካከለው አልነበረም። ያኔ አሌክሳንድሪያ የዋና ከተማው ክልል አካል ነበረች። ከአፍሪካ ማስገባት ከ1808 ጀምሮ ስለተከለከለ ንግዱ ወደ ውስጥ ዞሮ ነበር፤ የቨርጂኒያና የሜሪላንድ የትምባሆ መሬት ደክሟል፣ ሚሲሲፒና ሉዊዚያና ደግሞ ጥጥና ሸንኮራ ሰው ይፈልጋል። ኩባንያው ከየመንደሩ ሰው እየገዛ ግማሹን በመርከብ ወደ ኒው ኦርሊንስ፣ ግማሹን በሰንሰለት አቆራኝቶ በእግሩ ወደ ናቼዝ ይነዳ ነበር። ከ1790 እስከ 1860 በዚህ መንገድ ከላይኛው ደቡብ ወደ ታችኛው ደቡብ የተወሰደው ሰው አንድ ሚሊዮን ያህል ይገመታል፤ በቀጥታ ከአፍሪካ ከመጣው ከእጥፍ በላይ ነው። ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ የተለያዩት በብዛት በዚህኛው ንግድ ነው።

ከ1865 በኋላ ያለውን ባጭሩ ላስቀምጥ። በጥር ወር በደቡብ ካሮላይናና በጆርጂያ ጠረፍ ለነፃ ወጪዎች በቤተሰብ እስከ 40 ኤከር መሬት እንዲሰጥ ጄኔራል ሸርማን አዘዘ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን መሬቱን ለቀድሞ ባለቤቶች መለሰው። ነፃ የወጣው ሰው የእኩል አራሽ ሆነ፤ ዘሩን፣ ቀለቡን፣ ማረሻውን ከባለመሬቱ በዱቤ ይወስዳል፣ በመከር ሲተሳሰቡ ዕዳው ይብሳል። የእኛን ጭሰኛ ያየ አባት ላለው ሰው ይህ አያስቸግርም። በ1935 የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ሲወጣ የእርሻና የቤት ሠራተኞች ተዘለሉ፤ አብዛኛው ጥቁር ሠራተኛ ያን ጊዜ እዚያ ነበር። ከ1930ዎቹ ጀምሮ የጥቁር ሰፈሮች በመንግሥት የቤት ብድር ካርታ ላይ ቀይ ተቀቡ፣ ብድርም ተነፈጉ። በቤት ሽያጭና ኪራይ ዘርን መለየት በፌዴራል ሕግ የተከለከለው በ1968 ነው። አሜሪካዊ ቤተሰብ ሀብት የሚያወርሰው በቤቱ ነውና ውጤቱ ዛሬም ይቆጠራል፤ በ2022 የነጭ ቤተሰብ መካከለኛ ሀብት 285 ሺህ ዶላር ሲሆን የጥቁሩ 45 ሺህ ያህል ነበር። ይህ ሁሉ ቀጥታ ከመርከቡ የመጣ አይደለም፤ ከፊሉ ከዚያ በኋላ በወጣ ሕግና በባንክ የተሠራ ነው። ልጅዎ ይህን ለይቶ ቢጽፍ ይሻላል፤ ዛሬ የምናየውን ችግር ሁሉ ባርነት ላይ መለጠፍ የኋለኞቹን አጥፊዎች ነፃ ያወጣል።

ስለ ካሳ የእኔ አቋም ይህ ነው። «ከፋዩም ተቀባዩም ሞቷል» የሚለው ተቃውሞ ለአንድ ሰው ይሠራል፤ ለመንግሥትና ለተቋም አይሠራም። ማን ከማን ስንት ወሰደ ብሎ 12 ሚሊዮን ነፍስ በዶላር ማስላት ግን መጨረሻ የለውም፤ ክሱ የሚጠነክረው ወረቀት ባለበት ነው። የዛሬውን ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ፣ የያኔውን ኮሌጅ፣ ያስተዳድሩ የነበሩት የሜሪላንድ ኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ማኅበር ካህናት) በ1838 ከ270 በላይ ሰዎችን ወደ ሉዊዚያና ሸጠው ከገንዘቡ የኮሌጁን ዕዳ ከፈሉ። የተሸጡት ሰዎች ስም ዝርዝር አለ፣ ልጆቻቸው ይታወቃሉ፤ ተቋሙም በ2017 በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። የኢቫንስተን ከተማ፣ ኢሊኖይ፣ በ2021 ከባርነት ይልቅ በቤት መድልዎ ላይ አተኩራ ለተጎዱ ጥቁር ነዋሪዎች እስከ 25 ሺህ ዶላር የቤት ድጋፍ ፈቀደች። የሚያዋጣው መንገድ ይህኛው ይመስለኛል። ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚሽን እንዲቋቋም ለአገሪቱ ምክር ቤት ከ1989 ጀምሮ የቀረበው ረቂቅ ግን እስካሁን አላለፈም፤ ከዚያ በኩል ቶሎ የሚመጣ ነገር አልጠብቅም።

ባልደረባዎን ፈልገው ያነጋግሩት፣ አይቆዩ። «ነገሥታቱ ሸጠዋል፣ እውነትህን ነው፤ እኔ ግን የተውኩት ገዢውን ነው። የእኔ አገርም የራሷ ባርነት ነበራት» ይበሉት። ከዚያ በላይ አያስፈልግም፤ ትምህርት አይስጡት። እግረ መንገድዎን፣ እኛ እዚህ አገር በእኩልነት ተቀጥረን የምንሠራው በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ እንደሆነና ያን ያስወጡት የሱ ወላጆች ትውልድ እንደሆኑ ለራስዎ ያስታውሱ።

ልጅዎ ደግሞ ስለ 400 ዓመትና ስለ አራት አህጉር አይጻፍ፤ ማንም መምህር ያን ሺህ ጊዜ አርሞታል። በዱክ ስትሪቱ ቤት ይጀምር። በ1807 የወጣው ሕግ በጠረፍ የሚሄድ መርከብ የጫናቸውን ባሮች ዝርዝር እንዲያስመዘግብ ያስገድድ ስለነበር ከአሌክሳንድሪያ ወደ ኒው ኦርሊንስ የሄዱት ዝርዝሮች በብሔራዊ ቤተ መዛግብት አሉ። በእያንዳንዱ መስመር ስም፣ ጾታ፣ ዕድሜ፣ ቁመት በጫማና በኢንች፣ የቆዳ ቀለም፣ የላኪው ስም ይገኛል፤ ሕፃናትም አሉበት። ከዚያ አንድ ስም መርጦ በቆጠራ መዝገብ ይፈልገው። የ1850ና የ1860 የባሪያ ዝርዝሮች የጌታውን ስም ጽፈው የባሪያውን ዕድሜ፣ ጾታና ቀለም ብቻ ይቆጥራሉ፤ ነፃ የወጡት በሙሉ በስማቸው የተመዘገቡት በ1870 ነው። በመሃል ያለውን ዘመን ሊሻገረው አይችል ይሆናል። ያን ጊዜ ለምን እንዳልቻለ፣ የትኛው መዝገብ የማንን ስም እንደዘለለ፣ በማን ሕግ እንደዘለለ ጽፎ ያስረክብ።